ከባቲ ገበያ እስከ ድርቆሽ አደባባይ

ስቶክሆልም በገባሁ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከንፈሬ ተሰንጥቆ፣ አፍንጫዬም ደም ቋጥሮ ነቃሁ። እንዲህ ያለው ነገር ከዚያ በፊት የደረሰብኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በልጅነቴ አጎቴን ተከትዬ ከደሴ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ በወረድሁበትና የግንቦት ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ ፊቴን በገረፈኝ ጊዜ ነበር። በዐሥራ አራት ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ ወደየትኛውም ወገን ቢዞሩ ውኃ የማይታጣባት፣ በዚያ ላይ ጣሪያዋም ዛፏም በበረድ የተሸፈነ ከተማ እንደ በረሃ ከንፈር ትሰነጥቃለች ብዬ አልጠረጠርሁም ነበርና፣ ያሳደሩኝን የእናቴን የአክስት ልጅ፣ እትዬ የምላቸውን፣ በሽታ ይዞኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«በሽታ አይደለም፤ አገሩ ነው» አሉኝ፣ ሠላሳ ዓመት በሪንከቢ ሠፈር እንደ ኖረ ሰው ያለ አንዳች ጥርጥር። «ጾሙ ባይገባ ቅቤ ነበር መድኃኒቱ፤ ለጊዜው በዚህ ታገሥ» ብለው የቫዝሊን ዕቃ አቀበሉኝና፣ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞልተው ከመስኮቱ ሥር ባለው የብረት ማሞቂያ ላይ አኖሩት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አየሩ ይጠጣው፤ አለዚያ አንተን ነው የሚጠጣህ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። በኋላ ነገሩን ሳሰላስለው ግን የፊዚክስ መምህሬ ያላስረዳኝን ነገር እትዬ በአንድ ቃል እንዳስረዱኝ ታወቀኝ፤ ቀዝቃዛ አየር እርጥበት የመሸከም ዐቅሙ ጥቂት ነው፣ ያው አየር በመስኮት ገብቶ ቤት ውስጥ ሲሞቅ ዐቅሙ ይበዛል፣ የሚሸከመው ውኃ ግን አይጨመርለትም፤ ስለዚህ ካገኘው ሁሉ፣ ከእንጨቱም ከልብሱም ከሰው ከንፈርም፣ እየመጠጠ ጥሙን ያስታግሣል። ውጭ ያለው ውኃ ሁሉ በረድና አስሐትያ ሆኖ ታስሮ ሳለ በቤት ውስጥ ያለው ሰው በበረሃ ይኖራል ማለት ነው። (አስሐትያ የሚለውን ቃል በልጅነቴ በጸሎት ላይ ስሰማው ምን እንደሚመስል ከሚያውቅ ሰው ጋር ተገናኝቼ አላውቅም፤ ያስተማሩኝ መሪጌታም ቢሆኑ ያዩት አይመስለኝም።)

እኛ የደጋ ሰዎች በረሃን የምናውቀው ከሁለት ቦታ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ነው። ገዳም የሚለው ቃል ዛሬ የመነኮሳትን ማኅበር ያሳስበናል እንጂ፣ በግእዝ ጥንተ ትርጉሙ ዱር፣ ሰው ያልሰፈረበት ምድር ነው፤ ጌታ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የጾመበትን ምድረ በዳ መጻሕፍታችን ገዳመ ቆሮንቶስ የሚሉት ስለዚህ ነው። አባ እንጦንስና አባ መቃርስ የግብጽን በረሃ ሲመርጡ ሰው ስለሌለበት መረጡት፤ ግኁሳን የሆኑ አባቶቻችንም ቆላ ሲወርዱ እንዲሁ። ከዚህ የተነሣ በደጋው ሰው ልቡና ውስጥ በረሃ ማለት ባዶ ስፍራ፣ ከእግዚአብሔርና ከአጋንንት በቀር ነዋሪ የሌለበት አገር ሆኖ ተሥሏል። በባቲ የሰኞ ገበያ ያየሁት ግን ሌላ ነበር።

አጎቴ ፍየል ሊገዛ ከአንድ አፋር ጋር ዋጋ ጀምሮ ሳለ፣ ግመል የሚስብ ሌላ አፋር ከታች በኩል መጣ። ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላም ተባባሉ፣ ከዚያም ከገበያው ግርግር ወደ አንዲት የግራር ጥላ ፈቀቅ ብለው፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤአቸውን ከወገባቸው አስተካክለው ቁጢጥ አሉ። አንዱ ዝግ ባለ ድምፅ ይናገራል፣ ሌላው ከየዐረፍተ ነገሩ ማብቂያ ላይ በጉሮሮው እያረጋገጠ ይቀበላል፤ ሲጨርስ ደግሞ ተራው የዚያኛው ይሆናል። ፍየሉ በገመዱ ጫፍ አጎቴ እጅ ቀረ። እኔ ፀሐዩ አናቴን ሲበሳኝ ምን እንደሚሠሩ ጠየቅሁ፤ አጎቴም «ዳጉ ይዘዋል፤ ዳጉ ሳይጨርሱ ንጉሥ ቢጠራቸውም አይነሡ» አለኝ። ወሬ ያወራሉ ማለቱ መሰለኝ። ያ የልጅነት ስሕተቴ ስቶክሆልም ውስጥ፣ በአንድ ጎዳና ላይ ስወርድ፣ ሊታረም ተቀጠረ።

ዕለቱ በእኛ የካቲት 21፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ነበር። (በዚህ ማስታወሻ የማነሣቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከንፈሬን ቀብቼ፣ እትዬ ያለበሱኝን ወፍራም ካፖርት እንደ ጋሻ ይዤ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ መካከለኛው ከተማ ሄድሁ፤ ስቬያቬገን የሚባለውንም ጎዳና ከራስጌው ይዤ ቁልቁል ጀመርሁት።

በጎዳናው ራስጌ፣ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት አጠገብ፣ ዛፍ የለበሰች ኮረብታ አለች፤ በኮረብታይቱም አናት ላይ የስዊድን የሳይንስ አካዳሚ አሠርቶ በ1753 ያስመረቀው የከዋክብት መመልከቻ ቤት ቆሟል። ከ1756 ጀምሮ፣ ይኸውም በጎንደር ሕፃኑ ኢዮአስ በአያቱ በእቴጌ ምንትዋብ ሞግዚትነት በነገሠ ማግሥት ጀምሮ፣ የዚህ ስፍራ የአየር ሙቀት በየቀኑ ይመዘገባል። ጦርነትም ወረርሽኝም መዝገቡን አላቋረጠውም። ከመዝገቡ መካከል እኔን ያስደነቀኝ ግን የሙቀቱ አይደለም፤ የዝናሙ ነው። ይህች በውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናምና በረድ ተደምሮ 550 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ድሬዳዋ እንኳ፣ ያቺ ደረቅ ወንዟን አሸዋ ሞልቶት በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ውኃ የምታይበት ድሬዳዋ፣ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብላታል። ከሰማይ በሚሰጠው ስጦታ ብቻ ቢቆጠር በረሃዋ ስቶክሆልም በሆነች ነበር።

ልዩነቱ በሚሰጠው ሳይሆን በሚወሰደው ላይ ነው። በስቶክሆልም ፀሐይ ግማሹን ዓመት እንደ ሻማ ብልጭ ብላ ትጠልቃለች፣ በረዱም እስከ ጸደይ ድረስ እንደ ጎተራ እህል ተከምሮ ይቆያል፣ ሲቀልጥ ደግሞ በዝግታ ወደ ሜላረን ሐይቅ ይሰርጋል፤ የከተማው ሰው ከቧንቧ የሚጠጣውም ይህንኑ ነው። በድሬዳዋ ግን ዝናሙ በጥቂት ሰዓት ዶፍ ሆኖ ይወርዳል፣ ግማሹ ጎርፍ ሆኖ ያመልጣል፣ የተረፈውን ፀሐይ ሳይውል ሳያድር ትመጥጠዋለች። ሊቃውንቱ ደረቅ ምድርን የሚለዩት በዚህ ሂሳብ ነው፤ የዓመቱን ዝናም፣ ፀሐይና ነፋስ ውኃ ቢያገኙ ሊያተንኑት ለሚችሉት መጠን አካፍለው፣ ውጤቱ ከ0.65 ካነሰ ምድሩን ከደረቆቹ ወገን ይመድቡታል። በዚህ መስፈሪያ ከምድር የብስ ከመቶ አርባው እጅ ያህል ደረቅ ነው፤ በዚያም ላይ ከሁለት ቢልዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይኖራል። ባዶ ስፍራ የምንለው መሆኑ ነው።

ከኮረብታው ወርጄ ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደ ሄድሁ የአዶልፍ ፍሬድሪክ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አገኘሁ። በዚያን ዕለት ሰው ይበዛበታል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሎፍ ፓልሜ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986 ሌሊት፣ ከዚያው ጎዳና ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከሚስታቸው ጋር ከሲኒማ ሲመለሱ በጥይት የተገደሉበት ዕለት መታሰቢያ ነበርና። መቃብራቸው ያልተጠረበ ድንጋይ ነው፤ በላዩ ስማቸው በእጅ እንደ ተጻፈ ፊርማ ተቀርጿል፤ ከሥሩ በበረዱ ላይ ቀያይ ጽጌረዳዎች ተኝተው ነበር። አንዲት አሮጊት ጓንታቸውን አውልቀው የአንዱን አበባ ግንድ አቃኑ፣ ሌላም አልተናገሩም፣ ሄዱ።

በዚሁ ቅጽር ውስጥ፣ አበባ የማይጎርፍለት ሌላ መቃብር አለ፤ የስቬን ሄዲን ነው። ሄዲን በ1865 በዚህችው ከተማ ተወልዶ፣ የመካከለኛውን እስያ በረሃዎች ሲያስስ ኖሮ፣ በ1952 የሞተ መንገደኛ ነበር፤ በ1902 ከንጉሡ እጅ የመኳንንት ማዕርግ ሲቀበል ከእርሱ በኋላ ያን ማዕርግ ያገኘ ስዊድናዊ የለም። በእርጅናው ለናዚ ጀርመን ያሳየው ፍቅር ስሙን አጥቁሮታልና ስለ እርሱ ሲነገር ድምፅ ዝቅ ይላል። እኔን ያቆመኝ የ1895 ታሪኩ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ከአራት አገልጋዮችና ከስምንት ግመሎች ጋር ወደ ታክላ ማካን በረሃ ገባ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የውኃ ጋኖቹ በሚበቃው ልክ እንዳልተሞሉ ታወቀ። ከአገልጋዮቹ ሁለቱ በውኃ ጥም ሞቱ፣ ግመሎቹም አንድ በአንድ ወደቁ፤ ሄዲንና ቃሲም የሚባለው አገልጋዩ በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ ወደ ኮታን ወንዝ አቀኑ። ወንዙ ደርቆ ነበር። ሄዲን ቃሲምን ከኋላ ትቶ በሌሊት የወንዙን አሸዋ ሲያቋርጥ ኩሬ አገኘ፣ ጠጣ፣ ከዚያም ሁለቱን ቡት ጫማዎቹን አውልቆ ውኃ ሞላና ለቃሲም ተሸክሞለት ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ስዊድናውያን የጀግንነት ምሳሌ አድርገው ለልጆቻቸው ሲያነቡት ኖረዋል፤ ጫማው በእውነት ያማረ ነገር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በመቃብሩ ፊት ቆሜ የማስበው ሌላ ነበር። ያ ምድር ለሄዲን «ያልታወቀ» ሲሆን፣ በወንዙ ዳር ካለው ጫካ ውስጥ መንጎቻቸውን ያሰማሩ እረኞች ይኖሩበት ነበር፤ ወተትና እንጀራ ሰጥተው ከሞት ያተረፉትም እነርሱ ናቸው። በረሃውን ያቋረጠው ሰው በመካነ መቃብር ተጽፏል፤ በረሃውን ሳያቋርጡ በዳሩ የኖሩት፣ መቼ መግባት መቼም አለመግባት እንደሚገባ ያወቁቱ ግን በዝናው ጥላ ተሸፍነው ቀሩ። አጎቴም እንዲሁ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቆላ ወርዶ ስለ መመለሱ ሲተርክ ያደረሰውን አፋር አንድ ቀን በስሙ ሲጠራው አልሰማሁም።

ከሁለቱ መቃብሮች ጎን፣ በአሳቤ ብቻ፣ ሦስተኛ ስዊድናዊ አኖርሁ። ኮንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣልያን ወረራ ዘመን ለቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ወደ አገራችን መጣ፤ በዚያው ዘመን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በገናሌ ዶርያ ሸለቆ፣ በመልካ ዲዳ፣ በዲሴምበር 30 ቀን 1935 በጣልያን አውሮፕላኖች ተደብድቧል። ከድሉ በኋላ ተመልሶ አየር ኃይላችንን እንደ ገና ለማቋቋም ረዳ። በ1970ዎቹ የረኃብ ዘመን ደግሞ ስድሳ ዓመት የተሻገረ ሽማግሌ ሆኖ፣ መኪና በማይደርስባቸው ስፍራዎች ላይ ከትንንሽ አውሮፕላኖች የእህል ከረጢት ሲጥል ቆየ። የሞተው በጁላይ 1977 በኦጋዴን ጦርነት መጀመሪያ፣ በዋቢ ሸበሌ ዳር በጎዴ ላይ ነው፤ በእርሱ ስም የአገራችን ሰው ቢያንስ ኮፍያውን ሊያነሣ ይገባዋል ብዬ የራሴን አነሣሁ፣ ብርዱ ጆሮዬን እስኪቆነጥጠኝ ድረስም አልመለስሁትም።

ከቅጽሩ ወጥቼ ዛሬ በፓልሜ ስም በሚጠራው መንገድ ወደ ምዕራብ ስታጠፍ ፎልኬትስ ሁስ፣ ማለት የሕዝብ ቤት የተባለው አዳራሽ ጋ ደረስሁ። ከጁን 5 እስከ 16 ቀን 1972፣ በእኛ ከግንቦት 28 እስከ ሰኔ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ስለ ሰው ልጅ አካባቢ የጠራው የመጀመሪያው ታላቅ ጉባኤ የተደረገው በዚህች ከተማ ነው፤ የ113 አገሮች መልእክተኞችም ከተወያዩባቸው ቤቶች አንዱ ይህ አዳራሽ ነበር። ሐሳቡን ያመነጨችው ስዊድን ናት። ካስጨነቋት ነገሮች አንዱ ከእንግሊዝና ከጀርመን ፋብሪካዎች የሚነሣው የድኝ ጭስ በነፋስ ተጭኖ መጥቶ፣ ዝናሙን አሲድ አድርጎ፣ በሐይቆቿ ያለውን ዓሣ መጨረሱ ነበር። የጎረቤት ጭስ በጎረቤት ሐይቅ ላይ ሲወርድ ማን ይዳኛል? ፓልሜ ያን ጥያቄ በጉባኤው ፊት አቆሙት። የሕንዷ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ደግሞ ድህነትን ትቶ ስለ አካባቢ መነጋገር እንደማይቻል ተናገሩ።

በዚያ ሰኔ የአገራችን ሰው ወደ ሰማይ ያንጋጥጥ ነበር። በዚያ ዓመት በወሎ ክረምቱ ሳይገባ ወጣ፤ ከሰሐራ በታች በሳህል ያሉትን አገሮችም ሰማይ ፊቱን ካዞረባቸው ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ስለ ምድረ በዳነት መስፋፋት የሚመክረው የዓለም ጉባኤ በናይሮቢ የተጠራው በ1977፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሙታኑ ከተቀበሩ በኋላ ነው። በስቶክሆልም አዳራሽ የስዊድን ዝናም መኮምጠጡ ሲነገር የሌላው አገር ዝናም መቅረቱ በጓዳ ቀረ፤ ይህን የምጽፈው ጉባኤውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ጣሪያ ነው። የሚገርመው ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። በእኛ ዘመን ያሉ የአየር ጠባይ ሊቃውንት፣ የስዊድንን ሐይቆች ያኮመጠጠው ያው የአውሮፓና የአሜሪካ የድኝ ጭስ፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ጠፈር እየመለሰ የሰሜን አትላንቲክን ውቅያኖስ በማቀዝቀዙ፣ የዝናሙን መቀነት ከሳህል ወደ ደቡብ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራሉ። ሁለቱ ዝናሞች፣ የኮመጠጠውና የቀረው፣ ከአንድ ጭስ ማውጫ የወጡ መንትዮች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። በ1972 ይህን የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ወደ ስቬያቬገን ተመልሼ ከኩንግስጋታን መገናኛ ስደርስ፣ በግራ በቀኝ ፍሬ የሚሸጡበት፣ ሄቶርየት የሚባል አደባባይ ተከፈተልኝ። ስሙ በአማርኛ የድርቆሽ አደባባይ ነው፤ በጥንት ዘመን የገጠር ሰዎች ለከተማው ፈረሶችና ከብቶች ድርቆሽ አምጥተው የሚሸጡበት ነበርና። በአደባባዩ ዳር ሰማያዊው የሙዚቃ አዳራሽ አለ፤ የኖቤል ሽልማት በየዓመቱ ዲሴምበር 10 ቀን ከንጉሡ እጅ የሚሰጠው በዚህ ነው። በደጃፉ ያለው የኦርፌዎስ ፏፏቴ ለክረምቱ ተዘግቶ፣ የነሐሱ ሰዎች በበረድ ኮፍያ ቆመው ነበር። ባቲን ያስታወሰኝ አደባባዩ ይሁን ድርቆሹ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ብቻ ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

በ1998 በዚህ አዳራሽ የምጣኔ ሀብትን ሽልማት የተቀበለው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ነው። በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረኃብ ባሳተመው መጽሐፍ አንዱ ምዕራፍ የወሎ ረኃብ ነው፤ እኔ የደሴ ልጅ ያንን ምዕራፍ ስገልጥ እጄ እንደ ከበደኝ አስታውሳለሁ። ሴን ያሳየው በአጭሩ ይህ ነው። በረኃቡ ዘመን የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት እጅግ አልቀነሰም፤ በደሴም ገበያ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አልናረም። ያልነበረው እህሉ አልነበረም፣ የሚገዛበት ዐቅም ነበር። ከሁሉ የባሰ የተጎዱት ደግሞ፣ ከቁጥራቸው አንጻር፣ አፋሮቹ ናቸው። ከብታቸው ሞተ፤ የተረፈችውንም አጥንቷ የወጣ ላም ይዘው ወደ ገበያ ሲወጡ በልዋጩ የሚያገኙት እህል ኢምንት ሆነ።

ለምን ሞተ ከብታቸው? ድርቅ ለአፋር አዲስ እንግዳ አልነበረም። አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ባሕር ሳይደርስ፣ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ የሚያልቅ ወንዝ ነው፤ አፋር በዝናም ጊዜ ወደ ሜዳው ተበትኖ፣ በበጋ ወደ አዋሽ ዳር ይሰበሰባል፣ ጎርፉ ሸሽቶ የተወው ሣርም ከብቱን ያከርምለታል። ያ የወንዝ ዳር ሣር ለአፋር እንደ ስቶክሆልም በረድ ነበር፤ የጎተራ እህሉ። በ1960 የቆቃ ግድብ ተሠራ፣ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ቀጥሎም የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች በወንዙ ዳር ተዘረጉ። በካርታ ላይ መሬቱ «ባዶ» ነበር፤ ባለቤቶቹ በዚያ ወር በሌላ ስፍራ ነበሩና። በበጋ ተመልሰው ሲመጡ ጎተራቸው በአጥርና በዘበኛ ተከቦ አገኙት። ከዚያ በኋላ የመጣው የክረምት መቅረት ያገኛቸው ስንቃቸው የተወሰደባቸውን ሰዎች ነበር። (ኋላ ደግሞ፣ በረሃውን ያለመልማል ተብሎ የመጣ የባዕድ አገር ዛፍ የቀረውን ግጦሽ ወረሰው፤ አፋሮቹ ደርጊ ሀራ፣ የደርግ ዛፍ፣ ብለው በመንግሥቱ ስም ጠሩት። ስም የማውጣት ጸጋ አላቸው።)

ከሴን በኋላ በ2009 በዚሁ መድረክ ላይ የቆመችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ በምጣኔ ሀብት ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴት ናት። ከእርሷ ዐርባ ዓመት ያህል ቀድሞ ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ፣ የጋራ የሆነ ግጦሽ ሁሉ መጨረሻው ጥፋት ነው፣ እያንዳንዱ እረኛ አንዲት ከብት ልጨምር ሲል ሁሉም ያልቃሉና፣ ብሎ ጽፎ ነበር፤ የልማት ባለሙያዎችም ይህን ቃል እንደ ሃይማኖት አንቀጽ ተቀብለው በአፍሪካ ቆላዎች ሁሉ ሰበኩት። ኦስትሮም ግን የስዊስን የተራራ ግጦሽ፣ የእስፓንያንና የፊሊፒንስን መስኖ፣ የጃፓንን የጋራ ደን ያጠኑ ሰዎችን ሥራ ሰብስባ መረመረች፤ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ያለ መንግሥት ዘበኛና ያለ ግል ይዞታ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው ማኖራቸውን አሳየች፤ ይህም ድንበሩ ሲታወቅ፣ ደንቡን ተጠቃሚው ራሱ ሲያወጣ፣ ጥበቃና ቅጣትም በመካከላቸው ሲኖር ነው። በእኛ ደጋ መስኖውን የሚያዳርሰውን ሰው የውኃ አባት እንለዋለን። ቦረናዎች በቱላ ጉድጓዶቻቸው ላይ አባ ሄሬጋ አላቸው፤ ሰዎቹ አንዱ ከአንዱ በላይ በመሰላል ቆመው ባልዲውን በዜማ እየተቀባበሉ ውኃውን ከጥልቁ ሲያወጡ፣ የማን መንጋ በስንተኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚወስነው እርሱ ነው። ሽልማቱ ለኦስትሮም ተገባት። ሃርዲንን ለመርታት ግን ወደ ስዊስ ተራራ መውጣት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ሰኞ ባቲ መውጣት ይበቃ ነበር።

እነሆ የልጅነቴ ስሕተት የታረመው እዚያ፣ በድርቆሽ አደባባይ፣ እግሬ ከበረዱ ጋር ሊጣበቅ ሲል ነው። ዳጉ ወሬ አይደለም። በረሃ ውስጥ ዝናም እንደ ደጋው አገሩን ሙሉ አይሸፍንም፤ በዚህ ሸለቆ ጥሎ በዚያኛው ያልፋል፤ ስለዚህ ሣሩ ዛሬ የት እንዳለ ማወቅ ከሣሩ እኩል ሀብት ነው። አፋር መንጋውን ከማንሣቱ በፊት ኤዶ የሚባሉ ሰላዮች ልኮ የዝናሙን ስፍራ፣ የሣሩን ዓይነት፣ የጎሣውን ሰላምና ጠብ ያስመረምራል፤ ኤዶው ያየውንም በዳጉ ለሚያገኘው ሁሉ ይናገራል። ያየውን ከሰማው፣ የሰማውን ከገመተው ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ በሐሰት ዳጉ ያሳሳተ ሰው በጎሣው ሸንጎ ይቀጣል፣ ሰሚም ያጣል። ሁለት ሰዎች ከግራር ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለው አንዱ ሲናገር ሌላው በጉሮሮው ሲያረጋግጥ ያየሁት፣ በኮረብታይቱ ላይ ከ1756 ጀምሮ ሳይታጎል የሚሠራውን ሥራ ነበር፤ ልዩነቱ የስዊድኑ መዝገብ በወረቀት የአፋሩ በሰው ልብ ላይ መጻፉ ብቻ ነው። ዳጉ ኢዮአስ ከመንገሡ በፊት እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

ጨለማው በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መውረድ ሲጀምር ወደ ሪንከቢ ተመለስሁ። እትዬ ሽሮ ከተልባ ጋር አቅርበው ይጠብቁኝ ነበር። ስለ ዋልሁበት ሲጠይቁኝ መቃብር ለመቃብር ስዞር ዋልሁ ብላቸው «ለዚህ ነው ከወሎ ድረስ የመጣኸው?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በአንድ ወቅት ግን ማንኪያቸውን አኑረው፣ በ1966 የእኛ አቆጣጠር አባታቸው ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አፋር ሴት ሦስት ቀን እንደ ተቀመጠች፣ ውኃ ብቻ እንደ ተቀበለች፣ እንጀራውን ግን ከእርሷ ጋር ላልነበሩ ልጆቿ በነጠላ ቋጥራ እንደ ወሰደች ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከመተኛቴ በፊት እርሳቸው ሳያዩኝ፣ በማሞቂያው ላይ ባለው ሳህን ውስጠኛ ጎን ላይ በእስክሪብቶ ከውኃው ልክ አንድ ጭረት አኖርሁ። ሌሊቱን በረድ ሲወርድ አደረ፤ በመስኮቱ ይታየኝ ነበር። ማለዳ ስነሣ ውኃው ከጭረቱ ግማሽ ጣት ወርዶ አገኘሁት።